የአንደኛ ደረጃ መምህራን የሥራ እርካታና የማትጊያው ቅራኔ

የአንድን ኅብረተሰብ ነገ የሚገነባው የሰው ኃይል የመጀመሪያውን ፊደል የሚቆጥረው በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህር ፊት ነው። ይህ ሐቅ በየስብሰባው ይነገራል፤ መምህሩም እንደ ሻማ እየቀለጠ ለሌላው ብርሃን የሚሰጥ እየተባለ ይወደሳል። እኛ ግን ይህ ውዳሴ ይመርመር እንላለን። ሻማ ደመወዝ አይጠይቅም፤ ልጆችም አያሳድግም።

ስለ ሥራ ተነሳሽነትና እርካታ ሲወሳ ስማቸው ከሚጠቀስ ምሁራን አንዱ አሜሪካዊው ፍሬደሪክ ኸርዝበርግ ነው። ይህ የሥነ ልቡና ሊቅ ከባልደረቦቹ ጋር በ1959 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ፣ ደመወዝና የሥራ አካባቢ ሲጓደሉ ቅሬታን ያስከትላሉ፣ ሲሟሉ ግን ቅሬታውን ከማስወገድ አልፈው ዘላቂ እርካታን አይፈጥሩም፤ እርካታ የሚመነጨው ከሥራው ከራሱ፣ ከውጤቱና ከዕውቅና ነው ይላል። አባባሉ እውነትነት አለው። በመስከረም ሀሁን የማያውቅ ሕፃን በሰኔ ስሙን ጽፎ ሲያሳይ መምህሩ የሚሰማውን ደስታ የትኛውም የደመወዝ ሠንጠረዥ አይተምነውም። ሆኖም ጥናቱ የተካሄደው በፒትስበርግ አካባቢ በነበሩ 200 ያህል መሐንዲሶችና የሂሳብ ሠራተኞች ላይ መሆኑ ሊዘነጋ አይገባም። እንጀራቸው የተረጋገጠላቸውን ሰዎች ንድፈ ሐሳብ፣ የቤት ኪራይ ከፍሎ የወሩን አጋማሽ መሻገር ለሚቸግረው መምህር እንዳለ ማልበስ፣ «ምስጋና ይበቃዋል» ለሚል አስተዳዳሪ ሽፋን መስጠት ነው።

የአገራችን መምህራን ቁሳዊውንና ሞራላዊውን ነጣጥለው አላዩም። በየካቲት 1966 ዓ.ም. ሥራ ሲያቆሙ የደመወዝ ጥያቄአቸውን ያነሱት፣ የድኃውን ልጅ የመማር ዕድል ያጠብባል ብለው ከተቃወሙት የትምህርት ሴክተር ሪቪው ጋር አጣምረው ነው። በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻም ሞራላዊ ማትጊያ ምን ያህል ኃይል እንዳለው አሳይቷል። ዘመቻ ግን ዙር አለው፣ ያልቃል፤ የመምህሩ ሥራ በየመስከረሙ እንደ አዲስ ይጀመራል።

ዋናው ቅራኔ ያለው ከማትጊያው መጠን ይልቅ በአቅጣጫው ላይ ነው። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ሲተገበር ከ1ኛ እስከ 4ኛ ክፍል ለሚያስተምር ሠርተፊኬት፣ ከ5ኛ እስከ 8ኛ ዲፕሎማ፣ ከዚያ በላይ ዲግሪ ይፈለግ ነበር፤ ደመወዙም ይህንኑ መሰላል ተከተለ። በኋላ ለታችኛው ክፍል የሚጠየቀው ሥልጠና ወደ ዲፕሎማ ከፍ ቢልም መሰላሉ የተከለው ልማድ አልተነቀለም። በክረምት መርሐ ግብር ተምሮ ዲግሪ የያዘ ትጉህ መምህር ዓይኑ የሚያማትረው ወደ ላይኛው ክፍል፣ ወደ ጽሕፈት ቤት ወይም ጨርሶ ወደ ሌላ መሥሪያ ቤት ነው። እንግዲህ ማትጊያው ራሱ መምህሩን እርካታው ከሚገኝበት ሥፍራ ያባርረዋል ማለት ነው። ከጀማሪ መምህር ተነሥቶ እስከ መሪ መምህርና ከዚያም በላይ የተዘረጋው የደረጃ ዕድገት መምህሩ እያስተማረ እንዲያድግ የታሰበ በመሆኑ እንደግፈዋለን። ይሁንና ዕድገቱ ጸድቆ ክፍያው በበጀት እጥረት ስም ሲጓተት፣ የማትጊያው ደብዳቤ የቅሬታ ማስረጃ ሆኖ መሳቢያ ውስጥ ይቀመጣል።

ኪሳራው በማን ላይ ይወድቃል? በ2002 ዓ.ም. በስድስት ቋንቋዎች የተካሄደው የንባብ ምዘና፣ ከሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች ብዙዎቹ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ እንደማይችሉ አመልክቷል። ምክንያቱ አንድ ብቻ አይደለም፤ የመጻሕፍት እጥረትም የክፍል መጨናነቅም አለበት። ልምድ ያለው መምህር ሁሉ ከዚያ ክፍል ለመውጣት የሚጣጣር ከሆነ ግን መጽሐፍ ብቻውን አያስነብብም።

ስለሆነም በአንደኛ ክፍል ለመቆየት የመረጠ ባለ ዲግሪ መምህር ከሁለተኛ ደረጃ ባልደረባው እኩል ይከፈለው። የጸደቀ ዕድገት ከጸደቀበት ቀን ጀምሮ ይታሰብለት። ርእሳነ መምህራንም ትናንት የተመደበውን ጀማሪ፣ ሌላው ሁሉ የሸሸው ክፍል ውስጥ መወርወሩን ይተዉ። የመምህራን ቀን ንግግርና የምስጋና ወረቀት ከዚያ በኋላ ይድረስ።