«ሥራ የፈቱ ፈረንጆች»

በሜሪላንድ፣ ወገኖቻችን በብዛት ከሚኖሩበት ከሲልቨር ስፕሪንግ ትንሽ ወጣ ብሎ፣ የትራም ሙዚየም አለ። ጸጉራቸው የሸበተ ሰዎች ኮፍያ ደፍተው፣ ደወል እየደወሉ፣ ሕፃናትን በጫካ መሐል ያንሸራሽራሉ። ደመወዝ የላቸውም። ይህን እዚያው ለሚኖር የቀድሞ ባልደረባዬ ባጫውተው «ተዋቸው እባክህ፣ ሥራ የፈቱ ፈረንጆች ናቸው» አለኝ። የእሱ ብቻ አባባል ቢሆን ባለፍኩት። አዲስ አበባ ስመለስም ያንኑ ቃል ከሦስት ሰው ሰማሁ። እናም ሙግቴ ከቃሉ ጋር ነው።

ለመሆኑ ሥራ መፍታት ምንድን ነው? ትራም መሪ ስለሌለው መንዳቱ የልጅ ጨዋታ የሚመስለው አይጠፋም። በድሮዎቹ ትራሞች ሹፌሩ በግራ እጁ የኤሌክትሪኩን እጀታ፣ በቀኙ የፍሬኑን ይዞ ነው የሚሠራው። እጀታው እርከን እርከን አለው፤ ቶሎ ቶሎ ከጨመሩት ተሳፋሪው ይንገጫገጫል፣ መሐል ላይ ብዙ ካቆዩት ደግሞ ኃይሉን የሚቀንሰው ክፍል ይግላል። ብረት በብረት ላይ ነውና፣ ቅጠል በሚረግፍበት ወራት ፍሬን ተይዞም ይንሸራተታል፤ ያኔ ሐዲዱ ላይ አሸዋ መልቀቅ ነው። ለዚህ ሥራ ማንም ዘው ብሎ አይገባም። ደንቡን ያጠናል፣ ይፈተናል፣ ከነባር ሹፌር ጋር ይለማመዳል። ይባስ ብሎ በእንዲህ ያሉ ሙዚየሞች አባላቱ መዋጮ ይከፍላሉ። ለመሥራት ይከፍላሉ! አበል ካልተያዘለት ስብሰባ የማይቀመጥ የአገሬ ሰው እብደት ነው ቢል አልፈርድበትም።

ነገሩ የተጀመረው ከተሞች ትራማቸውን ነቅለው አውቶቡስ በሚያስገቡበት ዘመን ነው። በ1939 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው) ሜይን ውስጥ ጥቂት ወጣቶች አንድ አሮጌ ትራም በ150 ዶላር ገዙ፤ ያ ዛሬ ሲሾር የሚባለው ትልቁ ሙዚየም ሆነ። ዋሽንግተን የመጨረሻ ትራሟን በ1962 አቆመች። የሜሪላንዱ ሙዚየም በ1969 በሩን ከፈተ። በ2003 እሳት ስምንት ትራሞች በላበት፤ ቀጥሎ ደግሞ አውራ ጎዳና ይመጣል ተብሎ ከቦታው ተነሣ፤ በ2010 እዚያው አካባቢ እንደገና ተከፈተ። ሥራ ፈት ሰው እሳት ከበላበት በኋላ ቤቱ ገብቶ ነው የሚተኛው።

ለኛ ሙዚየም ማለት ዘውድና ካባ ነው። ባቡር በ1917 አዲስ አበባ ገባ፤ ከጅቡቲ ወደ 780 ኪሎ ሜትር የሚሆን ሐዲድ ላይ ስንት ሰው ዕድሜውን ጨረሰ። አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር በ2016 ሲመረቅ ደስ ብሎኛል፤ ማን ይጠላል! ግን የአሮጌውን ሞተር ድምፅ ሰምተው ሕመሙን የሚያውቁት፣ የዕቃውን ስም በፈረንሳይኛ የሚጠሩት የድሬዳዋ አዛውንቶች ያንን ሁሉ ለማን አስረከቡ?

«ሆዱ ያልሞላ ሰው በነጻ አይሠራም» የሚል መልስ እንደሚመጣ አውቃለሁ። ከባድ መልስ ነው፤ የአሜሪካኑ ጡረታና የኛው ጡረታ አንድ አይደለም። ይሁንና የእድር ድንኳን ተሸክሞ በሌሊት የሚተክለው ጎረቤት ማን ከፍሎት ነው? ደቦ የሚወጣው ገበሬስ? በነጻ መሥራት እናውቃለን። የማናውቀው ለብረት እድር መግባት ነው። እሱም ቢሆን ታይቷል፦ ኤርትራ በ1990ዎቹ የምጽዋ–አስመራን ሐዲድ ስትጠግን የጠራችው በሰባና በሰማንያ ዓመት ዕድሜ ላይ የነበሩ የባቡር ጡረተኞችን ነው። ለምሽግ የተነቀለ ብረት እየለቀሙ መልሰው አነጠፉት፣ በ2003 ባቡሩ አስመራ ደረሰ። እርግጥ የጠራቸው መንግሥት ነው። እጃቸው ግን የራሳቸው ነበር።

ስለዚህ ባለሥልጣን አልለምንም፤ ኮሚቴ ይቋቋም ማለትም ሰልችቶኛል። የድሬዳዋ ወጣቶች ቅዳሜ ከሰዓት ከበርጫው ሁለት ሰዓት ቀንሰው አንድ የምድር ባቡር ጡረተኛ አባባን ይዘው አሮጌው ዎርክሾፕ ይግቡ፤ እሳቸው ይናገሩ፣ እነሱ ይቅዱ፣ ይፍቱ፣ ይግጠሙ። ሥራ ፈቶች እንደሚባሉ ከወዲሁ ይወቁት። ለመነሻ የሚያስፈልጋቸው ቁልፉን የያዘው ሰውዬ እሺታና አንድ ጣሳ ግራሶ ነው።