ጳጉሜን በንግድ መዝገብ ውስጥ

ነጋዴ በሚዛኑ ይታመናል፤ ሚዛኑም ትክክለኛ መሆኑ በየጊዜው ይመረመራል። ቀን ግን እንደ ኪሎ ሁሉ ገንዘብ የሚያስከፍል መሆኑን ብዙዎቻችን ዘንግተነዋል። ከሚዛን ተፈሪ፣ ከቴፒና ከበበቃ የሚወጣው ቡና ከገበሬው ሲገዛ በእኛ የዘመን አቈጣጠር፣ ለውጭ አገር ሲሸጥ ደግሞ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ይጻፋል። በሁለቱ መካከል የቆመው ኮምፒዩተር የነገሩትን ብቻ ስለሚያውቅ፣ በመረጃ ቋቱ ውስጥ የገባ ስሕተት እስከ ክፍያው ድረስ ይዘልቃል።

ለምሳሌ አንድ ቡና አቅራቢ ለለቀማው ወራት ለመዘጋጀት ነሐሴ 1 ቀን 2017 ዓ.ም. ተበድሯል እንበል። ውሉ «60 ቀን» ካለ ዕዳው የሚደርሰው መስከረም 26 ቀን 2018 ነው። «ሁለት ወር» ካለ ግን ጥቅምት 1 ቀን ነው የሚል ይነሣል። በመካከሉ ያሉትን የ5 ቀኖች ወለድ ማን ይክፈል? በ2019 ዓ.ም. ደግሞ ጳጉሜን 6 ቀን ስለምትሆን፣ በዚያው በነሐሴ 1 የተዋዋለ ሰው 60ኛው ቀን የሚውለው መስከረም 25 ነው።

ሁለተኛው ጥፋት መስከረም 1 ዘወትር ሴፕቴምበር 11 ነው ብሎ መደምደም ነው። የ2016 ዓ.ም. መስከረም 1 የዋለው ሴፕቴምበር 12 ቀን 2023 ነበር፤ ይህን ያልተገነዘበ ፕሮግራም እስከ የካቲት 21 ድረስ ያለውን ቀን ሁሉ በአንድ ቀን ያዛባል። በዓለም አቀፉ የባንክ ደንብ መሠረት፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ፣ የጭነት ሰነዶች ዕቃው በተጫነ በ21 ቀን ውስጥ መቅረብ አለባቸው። እዚህ ላይ አንድ ቀን ማለት ቀላል ነገር አይደለም።

ሦስተኛው የሰዓት ነገር ነው። ከቴፒ የተነሣ የጭነት መኪና ለማክሰኞ አጥቢያ ከሌሊቱ 7 ሰዓት ከመጋዘን ቢደርስ፣ ዘበኛው ገና ሰኞ ነው ብሎ ይመዘግባል፤ ኮምፒዩተሩ ግን ከሌሊቱ 6 ሰዓት ጀምሮ ማክሰኞ ብሎታል።

አንዳንዶች መፍትሔው የራሳችንን አቈጣጠር መተው ነው ይላሉ። እኛ ግን በዚህ አንስማማም፤ ጥፋቱ የአቈጣጠሩ ሳይሆን የጸሐፊው ነውና። የእኛ ስሌት እንዲያውም ቀላል ነው፦ ዓመተ ምሕረቱን በ365 ማባዛት፤ ዓመቱን ለ4 አካፍሎ ትራፊውን በመተው ድርሻውን መደመር፤ ላለፈው ወር ሁሉ 30 መጨመር፤ በመጨረሻም የወሩን ቀን ማከል። በዚህ መሠረት ነሐሴ 1 ቀን 2017 ቍጥሩ 737,040፣ መስከረም 26 ቀን 2018 ደግሞ 737,100 ይሆናል፤ ልዩነታቸውም 60 ቀን ነው። ጳጉሜንም ሳትዘለል በሒሳቡ ውስጥ ገብታለች።

ስለዚህ የመረጃ ቋቱ ቀንን በጽሑፍ ሳይሆን በዚህ ዓይነት ቍጥር ይያዝ፤ በወረቀት ላይ ሲወጣ በሁለቱም አቈጣጠር ይታይ። ውል የሚጽፉም «ወር» በማለት ፈንታ የቀኑን ብዛት ይጻፉ፤ የመጀመሪያው ቀን መቈጠር አለመቈጠሩንም ይግለጹ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል፤ ዛሬ በጥንቃቄ የተጻፈ ቀን ነገ ከሙግት ያድናል።