የሰው ፊት እሳት ነው፤ እኛ ደግሞ ፍላሽ ጨመርንበት

የገና ዋዜማ ነበር። ጅማ ላይ ባነር ሰቅለን፣ ባለ 5 ሊትር ዘይቱን ደርድረን፣ የዶሮዎቹን እግር አስረን ቆመናል። «እኛ» ስንል ሌላ ሰው ማለታችን አይደለም፤ እዚህ ገጽ ላይ የምንጽፈው እኛው ነን። አንዱ ባነር ይዟል፣ አንዷ ስም ትጠራለች፣ አንዱ ፎቶ ያነሣል። ተራቸው የደረሰ አንዲት እናት ዘይቱን ተቀብለው ፊታቸውን በነጠላቸው ጫፍ ሸፈኑ። «እማማ፣ ወደዚህ ይዩ!» አልናቸው። ነጠላውን ዝቅ አደረጉ፤ አነሣናቸው። ማታውኑ ፌስቡክ ላይ ወጣ። ላይኩ ዘነበ።

ነሐሴ ላይ እኚሁ እናት መንገድ ላይ አገኙን። በመጋዘን የተሰበረና የጠቆረ ቡና እየለቀሙ ልጅ የሚያሳድጉ ሴት ናቸው። አልተቆጡም። «ልጆቼ፣ ለዘይቱ እግዜር ይስጥልኝ። ያቺን ፎቶ ግን ብታጠፉልኝ… ልጄን ጓደኞቿ በስልክ እያሳዩ ይስቁባታል» አሉን።

አጠፋነው። ግን ሌሎች ሰዎች ወስደው ለጥፈውት ኖሮ ሁሉንም መሰብሰብ አልቻልንም። «የሰው ፊት እሳት ነው» የሚለው ተረት ለእኚህ እናት ተረት አይደለም። እኛ በእሳቱ ላይ ፍላሽ ጨመርንበት።

እንግዲህ ጠባችን ከራሳችን ነው የሚጀምረው።

«ማዕድ ማጋራት» የሚለው ቃል በየሚዲያው የገነነው በ2012 ዓ.ም. ኮቪድ አገራችን ሲገባ ነው። የዚያ ዓመት ፋሲካ ሚያዝያ 11 ቀን ነበር፤ ብዙ ሰው ቤቱ ተቀምጦ ዋለ። ያኔ ካለው ላይ ለጎረቤቱ ያካፈለ ሰው ምስጋና ይገባዋል። ከዚያ ወዲህ ግን ነገሩ በየበዓሉ ባነርና ካሜራ የሚጠራበት ሥነ ሥርዓት ሆነ። እስቲ ቃሉን እንየው፦ ማዕድ ሰዎች ዙሪያውን ተቀምጠው አብረው የሚበሉበት ነው። እኛ ከማን ጋር ተቀመጥን? አደልን እንጂ ማዕድ አልተጋራንም!

ቤተ ክርስቲያናችን ይህን ነገር ከማንም በፊት ታውቀዋለች። ሰንበቴ አላት፤ ከቅዳሴ በኋላ ዳቦውና ጠላው ለነዳያንም ይደርሳል። የጽዋ ማኅበር አላት፤ ዝክር አላት። ዝክር ያወጡ አያቶቻችን ማን እንደበላ አልመዘገቡም። ማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 6 ላይ ጌታ ምጽዋት በስውር እንዲሆን ያዘዘውን ከሕፃንነታችን ጀምሮ ሰምተነዋል። ታዲያ መቼ ነው ቀኝ እጃችን የሠራውን ግራ እጃችን ቀርቶ መላው የፌስቡክ ሕዝብ እንዲያውቅ የወሰንነው?

መልሱን እናውቃለን። «ፎቶው ለለጋሾች ማስረጃ ነው፤ ሌላውንም ያነሣሣል» ይባላል። ማስረጃ ከሆነ ደረሰኙ አለ፣ የዘይቱ ጀሪካን አለ፣ የገንዘብ ያዡ መዝገብ አለ። እነሱን እናንሣ። ከመካከላችን ጋዜጠኝነት የተማርን አለን፤ ፈቃድ ሳይጠየቅ የሰው ችግር በፎቶ እንደማይወጣ ክፍል ውስጥ ተምረናል። ዘይት በእጁ የያዘ ሰው «አልነሣም» ለማለት ምን አቅም አለው? ያ ፈቃድ አይባልም።

ሁለተኛው ጥያቄ የጊዜ ነው። ከአጋሮ እስከ ሊሙ ገነት፣ ከየቡ እስከ ሰርቦ፣ ገንዘብ የሚገባው ቡና ሲለቀም ነው፤ ከመስከረም መጨረሻ እስከ ታኅሣሥ። ገና የሚውለው ከተማው ኪሱ ሞቅ ባለበት ወቅት ነው። ኪሱ የሚደርቀው በክረምት፣ በሐምሌና በነሐሴ ነው። ለቃሚው ሥራ የለውም፣ ገበሬው ያላፈራውን ቡና አስይዞ ይበደራል። ያኔ ባነራችን የት ነው? ለእኛ በተመቸን ጊዜ ሰጠን፤ ለእነሱ በከፋ ጊዜ ጠፋን።

ሦስተኛው ይመራል፤ ቢመርም እንበለው። በ1994 ዓ.ም. መጀመሪያ በዓለም ገበያ አንድ ፓውንድ አረቢካ ቡና ከ50 የአሜሪካ ሳንቲም በታች ወርዶ የቡና አገር ሁሉ አለቀሰ። በየካቲት 2017 ዓ.ም. ደግሞ በኒውዮርክ ከ4 ዶላር በላይ ወጣ። ዋጋው ሲወድቅ ጉዳቱ ለቃሚዋ ቤት ወዲያው ይደርሳል፤ ሲወጣ ትርፉ ለምን መንገድ ይጠፋበታል? ዓመቱን ሙሉ የቀን ሠራተኛውን ሒሳብ የሚሸራርፍ ሰው ለገና ዶሮ ቢያድል ያካፈለው ከገዛ ራሳቸው ገንዘብ ላይ ነው። ያዕቆብ በመልእክቱ ምዕራፍ 5 ስለ ተያዘ የአጫጆች ደመወዝ የተናገረውን የቡና ነጋዴዎቻችን በሚያስቀድሱበት ደብር ጮክ ብሎ ማንበብ ያስፈልጋል። መጀመሪያ ደመወዝ፣ ቀጥሎ ምጽዋት!

አራተኛው፦ ዝርዝራችን ውስጥ ማን አለ? በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ ጅማ ከተማ ውስጥ ኦርቶዶክሱ 47 በመቶ፣ ሙስሊሙ 39 በመቶ፣ ፕሮቴስታንቱ 13 በመቶ ገደማ ነበር። በአንድ ግቢ ተደባልቀን ነው የምንኖረው። በረመዳን ከጎረቤት ሾርባና ሳምቡሳ ሲመጣልን «አጥቢያችሁ የት ነው?» ያለን የለም። ደጉ ሳምራዊም የቁስለኛውን ሃይማኖት አልጠየቀም።

«እኛ ራሳችን ሥራ ፈተን፣ ከየት አምጥተን?» ለምትሉም መልስ አለን። ጳውሎስ በሁለተኛው የቆሮንቶስ መልእክት ምዕራፍ 8 የሚያመሰግናቸው የመቄዶንያ ምእመናን ድሆች ነበሩ፤ በድህነታቸው መካከል በደስታ ሰጡ። ኢሳይያስም በምዕራፍ 58 ጾምን እንጀራን ለተራበ ከማካፈል ጋር አስሮታል። የተጾመው ምሳ ዋጋ ኪሳችን ውስጥ ከቀረ ቁጠባ ነው እንጂ ጾም አይደለም። በፍልሰታ 15 የምሳ ሒሳብ አለ፤ ሥራ ፈት የሆነ ወጣት እንኳ የሁለቱን ቀን አያጣም።

ደስታውስ? «መስጠት ደስ ይላል» እንላለን። በዚያ የገና ዋዜማ ደስ ብሎን ነበር፤ እስከ ማግስቱ። ላይኩ ሲቆም ደስታውም ቆመ።

እኚያ እናት ካገኙን በኋላ፣ በዚያው ፍልሰታ ከቅዳሴ መልስ ሦስት ሆነን ቤታቸው ሄድን። ባነር የለም፤ ድፎ ዳቦና ያጠራቀምነው የምሳ ገንዘብ ብቻ። ስልካችንን ቦርሳ ውስጥ አስቀመጥን። እሳቸው ቡና አፈሉ፣ ንፍሮ አቀረቡ። አቦሉን ጠጥተን ልንነሣ ስንል «በረካውን ሳትጠጡ የት ትሄዳላችሁ?» ብለው ተቆጡን። ልጃቸው መጀመሪያ ጥግ ይዛ ነበር፤ በቶናው ላይ መጥታ አጠገባችን ተቀመጠች። ስንወጣ መራቂዋ እሳቸው፣ ተመራቂዎቹ እኛ ነበርን። ማን ለማን እንደሰጠ ግራ ገባን። ያ ደስታ እስከ ዛሬ አልጠፋም።

ለሚቀጥለው ገና ባነር እንድንይዝ የምትጠሩን ወዳጆች ሆይ፣ አንመጣም። ሐምሌ ላይ ጥሩን። ዳቦውን እኛ እናመጣለን፣ ካሜራውን እናንተ ቤት ተዉት።