የናስ ቀለሃን ለመመርመር ዓይን ብቻውን አይበቃም

የተተኮሰ የጥይት ቀለሃን መልሶ ሞልቶ ለኢላማ ልምምድና ለአደን መጠቀም እንደ አሜሪካ ባሉ አገሮች የቆየ ልማድ ነው። የሥራው መነሻ ቀለሃውን አጽድቶ መመርመር ሲሆን፣ ብዙ ጊዜ ጸድቶ ያብረቀረቀው ቀለሃ እንደ ጤነኛ ይቆጠራል። ይህ አመለካከት ከቁሳቁስ ሳይንስ አንጻር ሲመዘን ጎዶሎ ነው። የቀለሃን ደኅንነት የሚወስነው የገጽታው ጥራት ሳይሆን ናሱ ያሳለፈው የጫና ታሪክ ነውና።

ቀለሃ የሚሠራበት ናስ በአብዛኛው 70 በመቶ መዳብና 30 በመቶ ዚንክ ነው። ጥይቱ ሲተኮስ ቀለሃው ተለጥጦ ከጠመንጃው ግድግዳ ጋር በመጣበቅ ጋዙ ወደ ኋላ እንዳያመልጥ ይዘጋል፤ ግፊቱ ሲያልፍ በመጠኑ ይኮማተራል። ይሁን እንጂ ናስ ሳይሞቅ በተለጠጠና በተጨመቀ ቁጥር እየጠጠረ፣ የመለጠጥ ዐቅሙም እየተሟጠጠ ይሄዳል። በአፉ ላይ የሚታየው ስንጥቅ የዚህ ውጤት ነው። ከግርጌው ጥቂት ከፍ ብሎ ግድግዳው የሚሳሳበት ቀለበት ግን ከውስጥ ስለሚጀምር ከውጭ ላይታይ ይችላል፤ ጫፉ የታጠፈ ቀጭን ሽቦ አስገብቶ መዳሰስን ይጠይቃል። ይህ ከታለፈ ቀለሃው በተኩስ ጊዜ ለሁለት ተቆርጦ የጋለ ጋዝ ወደ ተኳሹ ሊመለስ ይችላል።

የዓይንን ውስንነት ይበልጥ የሚያስረዳው በእንግሊዝ አገዛዝ ሥር በነበረችው ሕንድ የታየው ነው። በዝናብ ወራት በፈረስ ጋጣ አካባቢ የተከማቹ ጥይቶች ሳይተኮሱ ቀለሃቸው ይሰነጠቅ ነበር። ሙር፣ ቤኪንሴልና ማሊንሰን በ1921 እንዳብራሩት፣ ምክንያቱ ከፈረስ ሽንት የሚወጣው አሞንያ፣ በአሠራሩ ጊዜ በናሱ ውስጥ ከቀረው ውጥረት ጋር መደመሩ ነበር። ያ ውጥረት በዓይን አይታይም። አሞንያ ባለበት ማጽጃ ናስን ማጽዳት የማይመከረውም በዚሁ ምክንያት ነው፤ ብርሃኑ ይጨምራል፣ አደጋውም አብሮ።

በእሳት ማለዘብ ታሪኩን ይሰርዛል የሚል ክርክር ሊነሣ ይችላል። በልኩ ሲከናወን የአፉን ጥጥርነት መቀነሱ እውነት ነው። ነገር ግን የሳሳ ግድግዳን አያወፍርም፤ ሙቀቱ ግርጌው ድረስ ከወረደም ጠንካራ ሆኖ መቆየት የሚገባውን ክፍል ያዳክማል። ስለዚህ ቀለሃዎችን በየምድባቸው ለይቶ ስንት ጊዜ እንደተተኮሱና እንደለዘቡ መመዝገብ አድካሚ ቢሆንም የፍተሻው አካል ሊሆን ይገባል። ታሪኩ የማይታወቅ ቀለሃ ምንም ያህል ቢያምር ከጥርጣሬ ነጻ አይደለም።

ትምህርቱ ለቤተ ሙከራም ይሠራል። ያሳለፈው ጫና፣ ሙቀትና የክምችት ሁኔታ ያልተመዘገበለት የብረታ ብረት ናሙና ግማሽ ማስረጃ ብቻ ነው፤ ስለ ዕድሜው የሚሰጠው መደምደሚያም በዚያው ልክ ግማሽ ይሆናል።