ሙቀቱን ስጡን፣ መብራቱ ይቆየን

‹‹የፀሐይ ኃይል›› ያልነው ጓደኛ ሁሉ ቶሎ ብሎ የሚጠይቀን ‹‹ስንት አምፖል ያበራል?›› ብሎ ነው። እኛም እንደዚያው ነበርን። የፀሐይ ኩሬን ነገር ካነበብን ወዲህ ግን ጥያቄው ራሱ የተሳሳተ መስሎናል።

ሻይ ያፈላ ሁሉ እንደሚያውቀው የሞቀ ውሃ ወደ ላይ ይወጣል። በፀሐይ ኩሬ ግን የታችኛው ውሃ ጨው ስለበዛበት ከባድ ነው፤ ቢሞቅም አይነሣም። ከላዩ ያለው፣ ጨዉ ወደ ላይ እየቀነሰ የሚሄደው ውሃ ደግሞ እንደ ጋቢ ይሸፍነዋል። ታቹ 80 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሊደርስ ይችላል፤ ሌሊቱም ብዙ አያቀዘቅዘውም።

ጣጣው ማውጣቱ ላይ ነው። ትኩሱን ጨዋማ ውሃ ከታች በፓምፕ መሳብ፣ በሙቀት መለዋወጫ አሳልፎ ሙቀቱን ለንጹሕ ውሃ ማስረከብ፣ የቀዘቀዘውን መልሶ ወደ ታች መስደድ። ያውም በቀስታ! የተቻኮለ ሰው ንብርብሩን ያደባልቀዋል፤ ያን ጊዜ ጋቢው ተገፈፈ ማለት ነው።

እስራኤል በሙት ባሕር አቅራቢያ፣ ቤት ሃአራቫ ላይ፣ በ1984 (እ.ኤ.አ.) 5 ሜጋዋት የሚያመነጭ ጣቢያ ሠርታ ነበር። ኩሬው 210,000 ካሬ ሜትር! ዛሬ ሥራ ላይ የለም። እኛን አይገርመንም። 80 ዲግሪ ላይ የሚሠራ ተርባይን፣ ማቀዝቀዣው 25 ዲግሪ ከሆነ፣ የፊዚክስ ሕግ ራሱ ከሙቀቱ 16 በመቶ ያህሉን እንኳ ወደ ኤሌክትሪክ እንዲቀይር አይፈቅድለትም። የቀረው ይባክናል።

ሕንዶች ጉጅራት ውስጥ ቡጅ ላይ በ1993 (እ.ኤ.አ.) የጨረሱት ኩሬ ግን 6,000 ካሬ ሜትር ብቻ ነበር። ተርባይን አላማራቸውም። ለአንድ የወተት ፋብሪካ በቀን 80,000 ሊትር ሙቅ ውሃ አቀረቡበት፤ በቃ።

እኛ አገርስ? ጨው ከአፍዴራ ይመጣል፣ ፀሐዩም አለ። ወተት፣ ቆዳ፣ ጨርቃ ጨርቅ የሚሠራው ሁሉ ሙቅ ውሃ ይፈልጋል፤ ለዚያ ብሎ ነዳጅ ወይም እንጨት ከማንደድ ኩሬው ይሻላል እንላለን። ሙቀት እንደ ኤሌክትሪክ ሩቅ አይሄድምና ኩሬው ፋብሪካው ጓሮ መሆን አለበት። የሚያሳስበን የመሬቱ ዋጋ ብቻ አይደለም። የኩሬው ምንጣፍ ከተቀደደ ጨዉ የሚገባው ጎረቤት ገበሬ ማሳ ውስጥ ነው፤ ለምንጣፉ ገንዘብ የሚሰስት ባለፋብሪካ ባይጀምረው ይሻላል።