ኩረጃን ማን አስተማራቸው?

እንደው ለመሆኑ፣ ተማሪው ሁሉ ኮራጅ ሆነ እያልን የምንጮኸው ኩረጃን ከየት የተማረው መስሎን ነው? በጥቅምት 2015 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከየትምህርት ቤቱ ወጥቶ በዩኒቨርሲቲ ግቢ፣ በፖሊስ ጥበቃ ተሰጠ። ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት ከመቶ 3.3 ያህሉ ብቻ ሆኑ። አገር ጉድ አለ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይሏል ይኼ ነው!

እኔ ኩረጃ በፈተና አዳራሽ አይጀመርም ባይ ነኝ። የሚጀመረው በሥዕል ክፍለ ጊዜ ነው። እኔ በተማርኩበት ትምህርት ቤት መምህሩ ሰሌዳው ላይ ጀበና ይሥላሉ። እኛ ሰባና ሰማንያ ሆነን እንገለብጣለን። ማርክ የሚገኘው በመመሳሰል ነው። የቤቱን ጀበና፣ ያንን እጀታው የተሰበረውን የሣለ ልጅ፣ “ይኼ ደግሞ ምንድነው?” ተብሎ ከአሥር ሦስት ይሸለማል። በሚቀጥለው ሳምንት ምን ያደርጋል ታዲያ? የጎኑን ያያላ! ፈተና ሲቃረብማ ክፍለ ጊዜው እንዳለ ለሒሳብ ይሰጣል።

“ሥዕል ተሰጥኦ ነው፤ ደግሞስ ቀለም የት አለና” የሚሉን አይጠፉም። ሒሳብ ያልገባውን ልጅ ተሰጥኦ የለህም ብለን ደብተሩን እንነጥቀዋለን እንዴ? ሥዕል በትምህርት የሚገኝ ሙያ ባይሆን ኖሮ፣ አለ ፈለገ ሰላም በ1950 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ያቋቋሙት፣ እነ ገብረ ክርስቶስ ደስታና እስክንድር ቦጎሲያንም እዚያ ያስተማሩት ለምን ነበር? ቀለም ከጠፋ ከሰል በየጓዳው አለ። ካርቶንም በየሱቁ ደጃፍ ይጣላል።

መምህሩ ሰሌዳውን ይተውና እውነተኛ ጀበና ከክፍሉ መሐል ያስቀምጥ። ሁሉም ከተቀመጠበት የሚታየውን ይሣል። በበሩ በኩል ላለው አፉ ይታየዋል፤ በመስኮቱ በኩል ላለው እጀታው። ሰማንያ ተማሪ፣ ሰማንያ ጀበና፣ ሁሉም ትክክል! የጎን መቅዳት ዋጋ የለውም፤ ጎረቤት ያየው ሌላ ነዋ። መምህሩም “ተሳስተሃል” ከማለት፣ “ሆዱ ከአንገቱ ስንት እጥፍ ይሰፋል? ብርሃኑ በየት በኩል ነው የመጣው? እስቲ ደግመህ እየው” ይበል። ልጁ ያያል፣ ያጠፋል፣ ይደግማል። ሙያ ማለት ይኸው ነው። በራስ መተማመንም በዲስኩር አይመጣም። ሦስተኛው ሥዕሉ ከመጀመሪያው መሻሉን ልጁ በገዛ ዓይኑ ሲያይ ነው የሚመጣው። ሰማንያ ልጅ ለአንድ መምህር ይከብዳል፣ እውነት ነው። ሥዕሎቹን ግድግዳው ላይ ደርድሮ ልጆቹ ራሳቸው እንዲናገሩባቸው ማድረግ ግን አያቅትም።

“ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም” የሚለው ተረታችን ስንቱን ልጅ አኮላሽቷል! አለቃው ፊት “ለእኔ የታየኝ ሌላ ነው” ለማለት የሚንቀጠቀጠው የቢሮ ሰው፣ ከላይ የወረደለትን ገልብጦ ወደ ታች የሚያወርደው ካድሬ፣ እነሱም እኮ አንድ ጊዜ የሰሌዳ ጀበና የገለበጡ ልጆች ነበሩ። ሹማምንት ሆይ! በፈተና ሰሞን ፖሊስ ከማሰለፋችሁ በፊት፣ በሳምንት ያቺን አንዲት ክፍለ ጊዜ ለልጆቹ መልሱላቸው።

ቸር ይግጠመን።