ጎማና ጉማ

በድሬዳዋ ስለ መኪና አደጋ ሲወራ ነገሩ ብዙ ጊዜ በሁለት ቃል ይዘጋል፤ «ጎማ ፈነዳ» ይባላል። ከዚያ ወዲያ ጥያቄ የለም። ለቅሶ ቤት የተቀመጠው ሁሉ ራሱን ይነቀንቃል፤ «ምን ይደረግ፣ የፈጣሪ ሥራ ነው» ይባባላል። ሟቹ ወደ መቃብር፣ ሾፌሩ ወደ ጣቢያ፣ መኪናው ወደ ጋራዥ ይሄዳል። ባለመኪናው የት እንደ ሄደ ግን የሚጠይቅ አይገኝም። እኛ በዚህ ጽሑፍ ልንጠይቅ የተነሣነው ይህንኑ ነው።

መጀመሪያ ስለ ጎማው እንነጋገር። ጎማ እንደ መብረቅ ከሰማይ የሚወርድ ነገር አይደለም። ነፋሱ የጎደለ ጎማ ጎኑ በየዙሩ ይታጠፋል፤ መታጠፉ ሙቀት ይፈጥራል፤ ሙቀቱም ላስቲኩንና በውስጡ ያለውን የሽቦና የክር ንብብር እያላቀቀ ይሄዳል። ከልኩ በላይ በተጫነ መኪና ላይ የሚሆነውም ይኸው ነው። ዕድሜም አለ፤ ጥርሱ ገና ያላለቀ ጎማ እንኳ ዓመታት ሲቆጠሩበት ይደርቃል፣ ይሰነጣጠቃል። በዚህ ላይ የድሬን ፀሐይ ጨምሩበት። ከሐረርጌ ደጋ ተነሥቶ የደንገጎን ጠመዝማዛ ቁልቁለት ፍሬን እየረገጠ የሚወርድ የጭነት መኪና፣ ቸርኬው በፍሬኑ ግለት ግሎ፣ ጎማውም ከቸርኬው ጋር ግሎ ነው ሜዳ ላይ የሚደርሰው። ከዚያ ወደ ደወሌ ቢያቀና አስፋልቱ በግንቦትና በሰኔ እንደ ምጣድ ሆኖ ይጠብቀዋል።

ይህን ሁሉ በመንገድ ዳር የተቀመጠው ጎሚስታ ከእኛ አብልጦ ያውቀዋል። ከዚህም ሌላ በፈረንጆች አቈጣጠር ከ2000 ወዲህ በሚሠራ ጎማ ጎን ላይ የተሠራበትን ጊዜ የሚናገር አራት አኃዝ ታትሞ ይገኛል። ለምሳሌ 3215 ቢል በ2015 በ32ኛው ሳምንት የተሠራ ማለት ነው። የልደት ቀኑ በጎኑ ላይ የተጻፈለት ዕቃ ሲሞት «ድንገተኛ ነው» ማለት እንዴት እንደሚቻል አይገባንም።

አሁን ወደ ሕጉ እንምጣ። (እኛ የሥነ ጽሑፍ እንጂ የሕግ ተማሪዎች አይደለንም፤ ነገር ግን የፍትሐ ብሔር ሕጉ በአማርኛ ተጽፏል፤ ማንበብም አልተከለከለም።) በ1952 ዓ.ም. ታውጆ ከመስከረም 1 ቀን 1953 ዓ.ም. ጀምሮ የጸናው ይህ ሕግ፣ ከውል ውጭ ስለሚደርስ አላፊነት በሚናገርበት ክፍል፣ በቁጥር 2081 የመኪና ባለቤት መኪናው ላደረሰው ጉዳት አላፊ ነው ይላል። መኪናውን የነዳው ሰው እንዲነዳ ያልተፈቀደለት ቢሆን እንኳ ያው ነው፤ ባለቤቱ የሚድነው መኪናው በዚያን ጊዜ ተሰርቆበት እንደ ነበረ ያስረዳ እንደ ሆነ ነው። ቁጥር 2086 ደግሞ የማምለጫውን በር ይዘጋል። ባለመኪናው «ጥፋት የለብኝም» ቢል፣ «ምክንያቱ አልታወቀም» ቢል፣ «ላስቀረው አልችልም ነበር» ቢል፣ «ሌላ ሰው ነው ያጠፋው» ቢል አይሰማም። የሚሰማለት ጉዳቱ በሙሉ ወይም በከፊል በተጎጂው በራሱ ጥፋት የመጣ ሲሆን ነው። ሁለት መኪናዎች ሲጋጩ ግን ሒሳቡ ሌላ ነው፤ ቁጥር 2084 የአንደኛው ሾፌር ጥፋት ካልተረጋገጠ በቀር ጉዳቱን ለሁለቱ ባለቤቶች እኩል ያካፍላል።

እንግዲህ ልብ በሉ። በመንገድ ዳር ቆሞ ሳለ የተገጨ ሰው ጎማው ለምን እንደ ፈነዳ የማስረዳት ዕዳ የለበትም። አሮጌ ነበረ፣ አዲስ ነበረ፣ ነፋሱ ጎድሎ ነበር፣ ሚስማር ወግቶት ነበር፤ ይህ ሁሉ የባለመኪናው ራስ ምታት ነው። «ጎማ ፈነዳ» የሚለው ቃል በለቅሶ ቤት ነገር ይዘጋ ይሆናል፤ በችሎት ፊት ግን መልስ ሆኖ አልተጻፈም።

አንዳንድ ጓደኞቻችን ይህን ስናነሣ «ይህ ከፓሪስ የመጣ ሕግ ነው፤ ከአገሩ ጠባይ ጋር አይስማማም» ይሉናል። እውነት ነው፣ የሕጉን ረቂቅ ያዘጋጁት ፈረንሳዊው ሊቅ ረኔ ዳቪድ ናቸው። ነገር ግን በድሬዳዋ ተቀምጦ እንዲህ የሚል ሰው ጎረቤቶቹን የማያውቅ ይመስለናል። በኦሮሞው ዘንድ ጉማ አለ፤ በሶማሌው ዘንድ መግ አለ፤ ሁለቱም የደም ካሣ ናቸው። ባለማወቅ የገደለ ሰው፣ አስቦ ከገደለው ጋር አንድ ባይሆንም፣ «አላሰብኩትም» ብሎ ብቻ ከካሣው ነጻ ወጥቶ አይሄድም። ሽማግሌዎቹ በመጀመሪያ የሚጠይቁት «ደሙ በማን ላይ ነው?» ብለው ነው። ቁጥር 2081 የሚጠይቀውም ይህንኑ ጥያቄ ነው፤ ልዩነቱ በመልሱ ላይ ነው። ሽማግሌው «በነጂውና በወገኑ ላይ ነው» ይላል። ሕጉ «በባለመኪናው ላይ ነው» ይላል።

ይህ ልዩነት ትንሽ አይደለም። አንድ ምሳሌ እናስብ። አንድ አይሱዙ (ሕዝቡ «አልቃይዳ» ብሎ የሰየመው ያለ ምክንያት አይደለም) ሽንኩርት ጭኖ ደንገጎን ወርዶ ሲያበቃ የፊት ጎማው ይፈነዳል፤ መሪው ከሾፌሩ እጅ ይወጣል፤ በመንገድ ዳር ቡና የምትሸጥ አንዲት እናት ትሞታለች። ሾፌሩ ይታሰራል። ዘመዶቹ ከየገጠሩ ይጠራሉ፤ አንዱ ፍየል፣ አንዱ በሬ ይሸጣል፤ ሽማግሌ ይቀመጣል፤ ዱዓ ይደረጋል፤ «በዕርቅ ጨርሰናል» የሚል ወረቀት ይፈረማል። መኪናውን የገዛውና ትርፉን የሚሰበስበው ሰው አዲስ አበባ ተቀምጦ በስልክ «አይዞህ» ይላል። የሟቿ ልጆች በሕጉ ቁጥር 2095 መሠረት ያጡትን መተዳደሪያ ከባለመኪናው የመጠየቅ መብት እንዳላቸው በዚያ ሸንጎ ላይ የነገራቸው የለም። ዕርቅ ደግሞ በሕግ ፊት ተራ ወሬ አይደለም፤ ውል ነው። ወረቀቱ «ከማንም ምንም አንጠይቅም» የሚል ከሆነ፣ ያልከፈለው ሰው በከፈሉት ድሆች ገንዘብ ነጻ ለመውጣት ይሞክርበታል።

እኛ ዕርቅን አንቃወምም። ድሬዳዋን ከነልዩ ልዩ ሕዝቧ አቻችሎ ያኖራት አንዱ ይኸው የሽማግሌ ምንጣፍ መሆኑን እናውቃለን። የምንለው ባለመኪናው በምንጣፉ ላይ ይቀመጥ ነው። እሱ ሳይመጣ ጉማ አይቈጠር።

ስለ ሾፌሩም አንድ ነገር ሳንናገር ማለፍ አንችልም። ጎማ የሚገዛው ሾፌሩ አይደለም። «ጋሼ፣ የፊቱ ጎማ ሊሾ ሆኗል» ሲል «ይቺን አንድ ምልልስ ብቻ ጨርስና እናያለን» ተብሎ የሚላክ ቅጥረኛ ነው፤ አልሄድም ቢል በማግሥቱ ቁልፉን ሌላ ሰው ይወስደዋል። አደጋው ሲደርስ ግን በቸልተኝነት ሰው ገደለ ተብሎ የሚከሰሰው እሱ ነው፤ እሱ ከታሰረ ፍርድ የተሰጠ ይመስለናል። ወንጀሉና ካሣው ሁለት ልዩ ልዩ ነገሮች ናቸው። ሾፌሩ በወንጀል ችሎት ነጻ ቢለቀቅ እንኳ በቁጥር 2149 መሠረት የካሣው በር አይዘጋም። ያም ሆኖ «ሾፌሩ ተለቋል፤ ስለዚህ ነገሩ አልቋል» ብሎ ተስፋ ቈርጦ ወደ ቤቱ የሚመለሰው ቤተሰብ ቁጥሩ ጥቂት አይመስለንም።

ተሳፋሪው የሚገባበት በር ሌላ ነው። ቲኬት ቈርጦ አውቶቡስ የገባ ሰው ከባለ አውቶቡሱ ጋር ውል አለውና ነገሩ በማጓጓዣ ውል ሕግ ይታያል። በዚያ በር ላይ ተከሳሹ የሚያነሣው መከላከያ «ከዓቅም በላይ የሆነ ኃይል ነው» የሚል ነው። ይሁን እንጂ የፍትሐ ብሔር ሕጉ በቁጥር 1792 ከዓቅም በላይ የሚባለው ማንም ሰው አስቀድሞ ሊያስበው የማይችለው፣ ግዴታንም ፈጽሞ የሚያስቀር ነገር ነው ይላል። በሰኔ ወር፣ ከልክ በላይ በተጫነ አውቶቡስ፣ በደወሌ መንገድ ላይ ያረጀ ጎማ መፈንዳቱን አስቀድሞ ሊያስበው ያልቻለ ባለ አውቶቡስ ካለ ሥራውን ይልቀቅ።

ጎማው ከፋብሪካው ሲወጣ ጀምሮ የተበላሸ ቢሆንስ? እዚህ ላይ ሕጋችን ይደክማል። ቁጥር 2085 ለትርፍ ዕቃ ሠርቶ ለሕዝብ የሚያቀርብን ሰው ዕቃው በተለመደው አጠቃቀም ለሚያደርሰው ጉዳት አላፊ ያደርገዋል፤ ጉድለቱ በተለመደው ምርመራ ሊታወቅ የሚችል ከነበረ ግን ነጻ ይለቀዋል። በ1908 ዓ.ም. የኒውዮርክ ከፍተኛው ፍርድ ቤት የማክፈርሰንን ክስ በፈረደ ጊዜ የተሰበረው የቢውክ አውቶሞቢል የእንጨት ቸርኬ ነበር። ኩባንያው «ቸርኬውን የሠራው ሌላ ነው፤ መኪናውንም ለከሳሹ የሸጠው ነጋዴ እንጂ እኛ አይደለንም» ብሎ ነበር። ዳኛው ካርዶዞ ግን ቢመረመር ኖሮ የሚገኝ ጉድለት ነበረና ሳትመረምሩ ለሕዝብ ማቅረባችሁ ያስጠይቃችኋል አሉ። በዚያ ምርመራ የፋብሪካው ግዴታ ሆነ፤ በእኛ ቁጥር 2085 ምርመራ የፋብሪካው መከላከያ ሆኖ ይገኛል።

በ1992 ዓ.ም. ነሐሴ ላይ ፋየርስቶን 6.5 ሚሊዮን ጎማ ከገበያ ለመሰብሰብ መገደዱን የማያስታውስ ካለ እናስታውሰው። በአሜሪካ ብቻ ከ200 በላይ ሰው በዚያ ጎማ የተነሣ እንደ ሞተ ተቈጥሯል። እኛን የሚመለከተን ግን ሌላው ወሬ ነው፤ የጎማው መላላጥ አስቀድሞ የታየው እንደ ሳዑዲ ዓረቢያና ቬኔዝዌላ ባሉ ሞቃት አገሮች ነበር፤ በዚያም የአሜሪካው ጥሪ ሳይታወጅ ጎማ መለወጥ ተጀምሮ ነበር። የቆላ ሰው አስቀድሞ ይሞታል፤ ዜናው የሚሰማው ደጋ ላይ ሲደርስ ነው። ደግሞስ ፋብሪካው ባሕር ማዶ ከሆነ የድሬ ሰው ማንን ይክሰስ? የሸማቾች ጥበቃ አዋጁ ቁጥር 813/2006 አስመጪውንና ቸርቻሪውን አንድ ላይ ለመጠየቅ መንገድ ከፍቶ ነበር፤ ሸማች ያለው ግን ለራሱና ለቤተሰቡ ፍጆታ የሚገዛውን ሰው ነው። ለንግድ መኪናው ጎማ የገዛው ባለ አይሱዙ በዚህ አይገባም፤ ቡና ሻጯማ ጎማ ገዝታ አታውቅም።

ስለ ገንዘቡ ልክ ደግሞ እንናገር። የሦስተኛ ወገን መድን አዋጅ ቁጥር 799/2005 ሲወጣ ለአንድ ሰው ሞት የመድን ድርጅቱን ክፍያ ከ5,000 እስከ 40,000 ብር ወስኖት ነበር። ብዙ ሰው የመድን ጣሪያ የካሣ ጣሪያ ይመስለዋል፤ አይደለም። ጣሪያው የመድን ድርጅቱ ነው፤ የቀረውን ባለመኪናው ይከፍላል፤ ምክንያቱም በፍትሐ ብሔር ሕጉ መሠረት ካሣ ከደረሰው ጉዳት ጋር እኩል መሆን አለበት። አንድ ቦታ ላይ ብቻ ሕጉ ራሱ ስስታም ሆኗል። ለሕሊና ጉዳት የሚሰጠው ካሣ በቁጥር 2116 ከ1,000 ብር እንዳይበልጥ ተወስኗል። በ1953 ዓ.ም. ይህ ገንዘብ ምን ያህል እንደ ነበረ አባቶቻችንን ጠይቁ። ዛሬ የእናት ሐዘን በሕግ የተቈረጠለት ዋጋ፣ እናቲቱን የገደለውን ዓይነት ጎማ አንዱን እንኳ አይገዛም።

የመጨረሻው ነገር ጊዜው ነው። የካሣ ክስ ጉዳቱ ከደረሰ በኋላ በ2 ዓመት ውስጥ ካልቀረበ በቁጥር 2143 ይታገዳል፤ ነገሩ ከወንጀል የመጣ ሆኖ የወንጀሉ የይርጋ ዘመን ከዚህ የረዘመ ከሆነ ብቻ በዚያ ይቈጠራል። አርባው፣ ሙት ዓመቱ፣ የሽማግሌው ቀጠሮ፣ የሾፌሩ ፍርድ ሲጠበቅ ሁለት ዓመት እንደ ዋዛ ያልፋል። የፌዴራል ፍርድ ቤት ችሎት በድሬዳዋ ከተማ ውስጥ አለ፤ ሩቅ አገር መሄድ አያስፈልግም፤ የሚጎድለው ሰዓቱ እየሄደ መሆኑን የሚናገር ሰው ነው።

ስለዚህ የሕግ ተማሪ ጓደኞቻችን ቁጥር 2081ን፣ 2086ንና 2143ን ማንም ሊያነበው በሚችል አማርኛ በአንድ ገጽ ይጻፉልን፤ ኦሮምኛና ሶማሊኛ አሳምረው የሚጽፉ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን ይተርጕሙት። ማባዣው በማኅበሩ ቢሮ አለ፤ ወረቀት እኛ እናዋጣለን። በድል ጮራ ሆስፒታል በር፣ በመናኸሪያው፣ በየጎሚስታው ግድግዳ ላይ መለጠፉን ለእኛ ተዉት። ፈቃደኞች ስማቸውን ከሐሙስ በፊት ለአዘጋጆቹ ይስጡ።